ባዶ ያልኩት ጨፌ

ሐምሌ 4

ደመና። ዛሬም ደመና። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ሳተላይቱ በላያችን ባለፈ ቁጥር የሚያመጣልን ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ከተማ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ጫካ የለ። አለቃችን ባርናባስ ከወንበሬ ኋላ ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «ይሄ ካርታ አይደለም፣ የተፈለቀቀ ጥጥ ነው» አለ። ሲጨንቀው ይቀልዳል፤ ዘንድሮ ቀልዱ በዝቷል።

ካርታውን በወሩ መጨረሻ ማስረከብ አለብን። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የቱ ጋ ደን፣ የቱ ጋ እርሻ፣ የቱ ጋ ሣር፣ የቱ ጋ ቤት፣ የቱ ጋ ባዶ መሬት እንዳላቸው የሚያሳይ ካርታ ነው። ጥናቱን ያዘዙት ሰዎች ጠዋትም ማታም ይደውላሉ። ስለዚህ ዛሬ ቆረጥን፤ የየካቲትን ምስል እንጠቀማለን። በየካቲት ሰማዩ ወለል ብሎ ስለሚውል የሰው ጣሪያ እንኳ ይቆጠራል።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባርናባስ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ። ከቡራዩ ቢሯችን ዓለም ገና ቤቴ እስክደርስ ታክሲ ስቀያይር፣ ዝናብ ሲደበድበኝ፣ ያሞቀኝ ይሄ ቃል ነው። ሙገሳ ስወድ ለጉድ ነው።

ሐምሌ 6

ቅዳሜ። ባሌ ጃለታ ነገ ሱሉልታ እንሂድ አለኝ። አባቱን ኦቦ ዲሪባን እግራቸውን አሟቸዋል። የኔ ሥራ ደግሞ ገና ምኑም አልተነካ፤ የእነሱ ሰፈር ጭቃም በክረምት ጫማ ይውጣል። «አንተ ሂድ፤ እኔ በጋ ሲገባ እሄዳለሁ» አልኩት።

«አንቺ እኮ ዘመድ የምትጠይቂው በጋ በጋ ነው» አለ።

ሳቅሁ። እሱም ትንሽ ሳቀ።

ሐምሌ 7

ብቻውን ሄዶ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ወተት ልከውልኛል። ኦቦ ዲሪባ «ሣሩ ዘንድሮ ሰጥቷል፣ ለልጄ ንገርልኝ» ብለዋል። የሚያወሩት ከሣርና ከላም አይወጣም፣ ምን ላድርግ? «እሰይ» አልኩና ሱሪውን ዘፈዘፍኩ።

ሐምሌ 11

ችኮላ። ሬሐና ከሰበታ መስክ ተመለሰች፤ ቦት ጫማዋ ቢሮውን አበላሽቶት የጽዳት ሠራተኛዋ ጮኸችባት። ኮምፒውተሩ ምስሉን በቀለሙ ይመድባል፤ ያ ግን ግምት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ይሄድና ነጥብ በነጥብ ቆሞ፣ በዐይኑ አይቶ፣ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ይላል። የመስክ ማረጋገጫ የምንለው እሱን ነው፤ የሬሐና ሥራም እሱ ነው። ሰበታና ቡራዩ ታዩ። ሱሉልታ ቀረ። መኪናው ቆመ፣ ዝናቡም አላባራ አለ።

«ሱሉልታን ሐኒ ትሙላው» አለ ባርናባስ። «የአማቶቿ አገር ነው። ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።»

ሬሐና «ሰው ሳይሄድ?» አለች።

«ሐኒ ሰው አይደለችም እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ቁጭ ብዬ ሞላሁ። አብዛኛው ቀላል ነው፤ ባሕር ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው፣ ቤቱ ቤት ነው። ኦቦ ዲሪባ ቤት ጓሮ ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ሣር ልበል ባዶ ልበል ብሎ አመንትቶ ነበር። እኔ አላመነታሁም። ቅልቅላችን የተደገሰው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ በጥር። ድንኳኑ እዚያ ተተከለ፣ እዚያ ጨፈርን፤ የሐበሻ ቀሚሴ ጫፍ አቧራ ጠጥቶ እናቴ ስትቆጣኝ ትዝ ይለኛል። ባዶ መሬት ብዬ ሞላሁ። ከጎኑ እንደ ደንቡ «በመስክ ታይቷል» አልኩ። ሁሉም ላይ የሚባለው እንደዚያ ነው።

ሐምሌ 30

አስረከብን። ነገ ፍልሰታ ስለሚገባ ባርናባስ ቡራዩ አስፋልት ዳር ጥብስ ጋበዘን። ካርታውን ከተረከቡት አንዱ አብሮን ነበር። «በተለይ ባዶ መሬቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እኛ የፈለግነውም እሱን ነበር» አለ። ባርናባስ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። አንገቴን ሰበር አደረግኩ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ሬሐና ብዙ አልበላችም። «አሞሽ ነው?» ስላት «አይ» አለች።

ነሐሴ 22

ታክሲ ውስጥ የሰማሁት። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ደላላ ይመስላል። «ሱሉልታ ለመጋዘን የሚሆን ባዶ መሬት በሽ ነው አሉ። በሳተላይት ታይቷል።»

ካርታችን ይሄን ያህል ቶሎ ሥራ ላይ ይውላል ብዬ አላሰብኩም። ማታ ለጃለታ በኩራት ነገርኩት።

«ሱሉልታ የት ጋ ነው ባዶ መሬት ያለው?» አለኝ።

«ብዙ ቦታ ነዋ።»

ጉርሻውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በላ።

መስከረም 8

ከደብረ ብርሃን ዛሬ ተመለስኩ። ስንጋባ በዓላቱን ተካፍለናል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል የእናቴ፣ ገናና ፋሲካ የአማቶቼ። ማንም ቅር ሳይለው አራት ዓመት ኖረንበታል። ጃለታ የአዲስ ዓመት ለት አብሮን ውሎ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔ ሰነበትኩ።

ቤት ስገባ ስልክ ላይ ነው፣ በኦሮምኛ። እናቱ እማዬ ጠጅቱ ናቸው። የኔ ኦሮምኛ ገበያ ለገበያ ነው፤ ሲፈጥን ያመልጠኛል። «ጨፌ» የሚለውን ግን ደጋግሜ ሰማሁ። ዘጋና ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ጨፌአችን ላይ ችካል ተክለዋል» አለ። «መጋዘን ሊሠሩ። ባዶ መሬት ነው ብለዋቸው።»

«የትኛው ጨፌ?» አልኩ።

አየኝ። «ስንት ጨፌ አለን?»

መስከረም 12

እሑድ። ሱሉልታ ውለን መጣን። ካልጻፍኩት የሚወጣልኝ አይመስለኝም።

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ገባን። ቦት ጫማ ከጎረቤት ተውሼ ነበር፤ ስለሰፋኝ እንደ ዳክዬ ነበር የምራመደው። ጃለታ በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ቤቱን ዞረን ወደ ጓሮ ስንወጣ ቆምኩ። ሜዳው የለም። እኔ የማውቀው ሜዳ ማለቴ ነው። ሣሩ ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ነፋስ ሲሄድ ይነሳል። አደይ አበባው እዚህም እዚያም ፈክቷል። አንድ እግሬን ሳስገባ ከሥር ውኃ ተንቦጫቦጨ፣ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። አራት ዓመት የዚህ ቤት ልጅ ተብዬ በዚህ ወር እዚህ ቆሜ አላውቅም። እኔ የምመጣው ሣሩ ታጭዶ፣ ከብት ተለቆበት፣ ተግጦ ካለቀ በኋላ ነው። የወሰድነው ምስልም የዚያው ወቅት ነው። እኔና ሳተላይቱ ሳንነጋገር ተስማማን።

ችካሎቹ በሣሩ መሀል ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ቀይ ቀለም ተቀብተዋል።

አባዬ ዲሪባ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። «አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። እንዴት ነሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ እንኳ ምራቴ ብለው አያውቁም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ከሰኔ ጀምሮ ጨፌውን እንደሚያስከብሩት፣ ከብት ዝር እንደማይልበት፣ ጥቅምት ሲጋመስ እንደሚያጭዱት፣ ሦስቱ ላሞች በጋውን የሚወጡት በዚያ ድርቆሽ እንደሆነ ነገሩኝ። ወተቱን የሚሸጡት ደግሞ ለሰፈር ነው።

«ጨፌው ከሌለ ላም የለም» አሉ። «ላም ከሌለ እኔና ጠጅቱ ምን ስንሠራ እንውላለን? ፊት ለፊት ተያይተን?»

«ማነው ባዶ ያለው?» አሉ እማዬ ጠጅቱ። «ዐይን የለውም?»

«ከላይ ነው አሉ የታየው።» አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የዚህ ነገር አዋቂ ነሽ። ንገሪያቸው። ሣር አለበት፣ ባለቤት አለው በያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ አባዬ» አልኩ።

እዚያው ሣሩ ውስጥ እንደቆምን እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ልጄ» እያሉ ደጋግመው መረቁኝ፤ አንደበትሽን ይክፈተው፣ በሰው ፊት ያስከብርሽ አሉ። ጃለታ መሬት መሬቱን እያየ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ። ምን ቆርጦኝ አሜን እላለሁ?

መስከረም 13

ለጃለታ ልነግረው ነበር። ደክሞት ተኛ። ነገ።

መስከረም 15

ትናንትም ነገ ብዬ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይታወቀኛል።

መስከረም 17

መስቀል። ዘንድሮ እናቴ ጋ አልሄድኩም፤ ሥራ በዛብኝ አልኳት። እውነቱ ግን ዐይኗን ማየት አልቻልኩም። ስትሰማኝ በድምፄ ታውቃለች፣ ስለዚህ ስልኩንም ቶሎ ዘጋሁት። ጃለታ ሱሉልታ ሄዷል። ነይ አላለኝም። እኔም ልምጣ አላልኩም። ከሰዓት በኋላ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

መስከረም 20

ባርናባስን ማስተካከያ እናስገባ አልኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ምን ብለን?»

«ምስሉ የየካቲት ስለሆነ የሣሩን መሬት ባዶ አስመስሎታል ብለን።»

«ጥሩ። የመስክ ማረጋገጫውንስ ምን እንላለን?»

ብዕሩን ከጠረጴዛው አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ሐኒ፣ ማንም አልሄደም ካልን የሚወድቀው የአማትሽ ጨፌ ላይ ያለው ነጥብ ብቻ አይደለም። ሬሐና ጭቃ ስትረግጥ የከረመችበት የሰበታውም የቡራዩውም አብሮ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ለዚህ ቢሮ ሥራ የሚሰጥ የለም። ሬሐና እናቷን የምታኖረው በዚህ ነው። እኔም ሌላ ነገር አልችልበትም።» ድምፁ የክፉ ሰው አልነበረም። ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ እንኳ። «ችግሩ የወቅት ነው በያቸው። ውሸት አይደለም።»

እውነቱን ነው። ውሸት አይደለም።

ትሙላው ያለው እሱ ነው ብዬ ደግሞ በልቤ ልፈርድበት ሞከርኩ። የሞላው ግን የኔ እጅ ነው፤ እየሳቅሁ።

መስከረም 28

አገኘሁ! የዓምና የመስከረም ምስሎችን አንድ በአንድ ስገላብጥ፣ በደመናው መሀል አንዲት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዋ ደግሞ ልክ ጨፌው ላይ! እኛ በምንጠቀምበት የቀለም አሠራር ለምለም ነገር ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። እንባዬ መጣ። ሬሐና ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይሄ አይበቃም?» አልኳት።

«ለአንቺ ይበቃሻል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐኒዬ፣ ባርናባስ ስለኔ ምን እንዳለሽ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ለኔ ብለሽ የምትውጪው ነገር እንዳይኖር። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሥራ አላጣም» አለችኝ።

ደግ ልጅ ናት። እንደዚህ ስለሆነች ነው ይበልጥ ስለ እሷ ማሰብ ያለብኝ።

ጥቅምት 4

አባዬ ደወሉ። የመሬቱን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ጥቅምት 15 አቤቱታ ይሰማል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እሳቸውን ወክለዋል። «ልጄ ትናገራለች ብያቸዋለሁ» አሉ፤ «ሁሉም ደስ ብሎታል።» ድምፃቸው የልጅ ሆኗል። ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ጥቅምት 14

ጃለታ ለነገ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኮሰልኝ። በአራት ዓመት ተኩሶልኝ አያውቅም፤ አንገትጌውን ሊያቃጥለው ነበር፣ ለጥቂት ተረፈ። ሲሰቅለው ፊቱን ሳያዞር «ሱሉልታን ለማረጋገጥ ማን ነበር የሄደው?» አለኝ።

«ከቢሮ ነዋ» አልኩ።

«እሺ» አለ።

ጥቅምት 15

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል፣ አባዬ ዲሪባ መሀል ላይ። ጃለታ ከኋላ ቆሟል። ምስሎቹን ግድግዳው ላይ አበራሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የየካቲቱን አሳየሁ፣ የመስከረሙን አሳየሁ። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ቀዩ እሳት ነው?» አሉ።

«ሣር ነው፣ አባቴ። እኛ ጋ ለምለም ነገር የሚታየው ቀይ ሆኖ ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ፣ የደስታ ነው። ሰብሳቢው ተነሥቶ ግድግዳው ድረስ ሄዶ አየ። «እውነትም ሣር ነው» አለ። በዚያች ደቂቃ ጨፌው ተርፎ ነበር። አባዬ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰው በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ከዚያ ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ተመለሰና የካርታውን ጥራዝ ገለጠ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሥራውን የሚያነብ ሰው ነው።

«አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አለ። «ምስሉ የየካቲት ነው፣ ገባኝ። ግን እዚህ ላይ ሐምሌ በመስክ ታይቷል ይላል። በሐምሌ ይሄ ሣር በቁመቱ ቆሞ ነበር። የሄደው ሰው ሣር ውስጥ ቆሞ ነው ባዶ ያለው?»

ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ ወደ እኛ ቀና አለ።

«ወይስ ማንም አልሄደም? ካልሄደ ንገሩኝ። በመስክ ካልታየ ካርታው ዋጋ የለውም፣ ዛሬውኑ አግደዋለሁ። ከታየ ግን የታየን ነገር ባለፈ ዓመት ፎቶ አልሽርም።»

ቃሉ ይሄ ነው፤ አልጨመርኩም። ባርናባስ ጠረጴዛውን ያያል። ሬሐና እኔን ታያለች። አባዬም እኔን ያያሉ፣ ፈገግ እንዳሉ።

«ችግሩ የወቅት ነው» አልኩ።

«የሄደ ሰው አለ?»

«በአሠራሩ መሠረት ነው የተሞላው።»

ሰብሳቢው ትንሽ ጠበቀኝ። እውነቴን ነው፣ ጠበቀኝ። ከዚያ ጥራዙን ዘጋና የሚቀጥለውን ጉዳይ ጠራ።

ደጅ ስንወጣ አባዬ ለሽማግሌዎቹ «ልጄ የምትችለውን ተናግራለች። ማል ጎና?» ሲሉ ሰማሁ። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞሽ፣ አትዘኚ» አሉኝ፤ እኔን!

ስለ ሬሐና ብዬ ነው። ሬሐና እናት አላት። ስለ ሬሐና ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ጥቅምት 18

ሬሐና ሥራ ለቀቀች። መልቀቂያዋን ለባርናባስ ሰጥታ ዕቃዋን ስትሰበስብ «ከእንግዲህ እኔ ባየሁት ላይ ማን ምን እንደሚጨምርበት አላውቅም» አለችው። እኔን ግን ስማኝ ነው የሄደችው። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም።

ባርናባስ ቡና ላምጣልሽ አለኝ። አልፈልግም አልኩት።

ጥቅምት 20

ጃለታ ሳሎን ይተኛል። ሳል ይዞኛል፣ እንዳልረብሽሽ ብሎ ነው። ሲስል አልሰማሁትም።

ጥቅምት 26

መጋዘን ሠሪዎቹ ማሽናቸውን እስኪያስገቡ ድረስ ሣራችሁን እጨዱ ብለዋቸዋል። ጃለታ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ማጭድ ይዞ ሄደ። እኔም ልምጣ ስለው «ሰው ሞልቷል» አለኝ። አልሞላም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየራሱ ጨፌ አጨዳ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እማዬ ጠጅቱ በዚያ ወገባቸው ማጭድ ይዘዋል።

ማታ መጣ። እጁ ተልጦ ነበር። ቅባት ልቀባህ ስለው ራሴ እቀባለሁ አለ።

ሕዳር 2

ሣሩ ሳይደርቅ ነው የተከመረው። በላዩ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ጣለ። ክምሩ ከውስጥ ሞቀ፣ ሻገተ፤ ላሞቹ አሽትተው ተዉት። ሁለቱን ላሞች ሸጡ። እማዬ ጠጅቱ ለገዢው ገመዱን በእጄ አልሰጥም ብለው ቤት ገብተው በር ዘጉ። ይሄን የነገረኝ ጃለታ አይደለም። በስልክ ለወንድሙ ሲነግር ከማድቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። ስወጣ ወሬውን ቀየረ።

በዚህ ቤት ውስጥ አሁን ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ።

ሕዳር 10

ጥርት ያለ ምስል ደረሰን። አንዲት ደመና የለችበትም። ሌላ ሥራ ነበረኝ፣ እጄ ግን ቀጥታ ወደዚያ ሄደ። ቀይ የለም። ጨፌው ተቆፍሮ አፈሩ ተገልብጧል፤ ባዶ አፈር በእኛ ስክሪን ላይ ግራጫ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ። ኮምፒውተሩን እንዲመድበው አዘዝኩት። ባዶ መሬት አለ፣ ምንም ሳያመነታ። ሐምሌ ላይ የሞላሁት ውሸት ዛሬ ልክ ሆነ። ማስተካከያ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አያስፈልግም።

ባርናባስ በኋላዬ ቆሞ አየ። «ዝጊው፣ ሐኒ» አለ። ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ አንድም አልቀለደም።

ሕዳር 22

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስለ ሬሐና እናት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «ስለሷ አልጠየቅሁሽም» አሉ። ከዚያ «መጀመሪያ ለጨፌው ባለቤት ንገሪ፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመጫለሽ» አሉኝ። የቄስ ትዕዛዝ ባይሆን ደግሞ ነገ እያልኩ እከርም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሕዳር 29

ብቻዬን ሄድኩ። ለጃለታ ገበያ እሄዳለሁ አልኩት። ዘንቢል አለመያዜን አይቷል።

ጓሮው በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ወዲያ የማሽን ድምፅ አለ። ወዲህ አንዲት ላም ብቻዋን ታስራለች፤ አባዬ ዲሪባ አጠገቧ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ ጠጅቱ ለቅሶ ሄደዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ «ይቀመጡ አባዬ» ብዬ እኔ ቆምኩ። ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ የማልናገር መሰለኝ።

«ሐምሌ ላይ እዚህ ማንም አልመጣም» አልኳቸው። «ጨፌውን ባዶ ያልኩት እኔ ነኝ። ቢሮ ተቀምጬ ነው የሞላሁት። በጥር ያየሁት ነበር ትዝ ያለኝ፣ የቅልቅሉን ለት።»

ላሟ ጆሮዋን ስታራግፍ ሰማሁ።

«በሰው መሀል ሰውየው ሲጠይቅሽ» አሉ፣ «ማንም አልሄደም ብትይ ይተወው ነበር?»

አላውቅም ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። «ይተወው ነበር፣ አባዬ» አልኩ። «ዛሬውኑ አግደዋለሁ ብሎ ነበር።»

«ሲል ሰምቻለሁ። አማርኛ እሰማለሁ።» ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሰውየው እውነቱን ነው ብዬ ነበር። የሄደ ሰው ባይኖር ልጄ ትናገር ነበር ብዬ ነው። ለሽማግሌዎቹም ያልኩት እንደዚያ ነው። አንዱ ተጠራጥሮ ተጣልቼዋለሁ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ በምርኩዛቸው ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር። «ተነሺ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አሉ። ቤት ገብተው ወተት በብርጭቆ አምጥተው ሰጡኝ፤ ደጃቸው የመጣ እንግዳ ጦሙን አይሄድም። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ረስተውት ነው። ጾም ነው ማለት አልቻልኩም። ቆሜ ጠጣሁት፣ ጨረስኩት።

ልሄድ ስል «ሐኒ» አሉኝ። በስሜ።

«አቤት አባዬ።»

«ገና ደርሷል። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን እናትሽ ጋ አሳልፊ። ጃለታ ብቻውን ይመጣል።» ከዚያ ደግሞ፣ እንዳይከፋኝ ብለው ይመስለኛል፣ «እናትሽም ትናፍቅሻለች» አሉ።

«እሺ አባዬ» አልኳቸው። አባዬ ማለት እስካሁን ይፈቀድልኝ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም።